ባንጋሎን የሚያፈርሰው ጠጋኙ ነው

ሰሞኑን በአማርኛ የወጣ አንድ ጽሑፍ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለመግዛት በሚያስቡ ወገኖች ዘንድ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የሚያወራው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ከ1918 እስከ 1939 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ዙሪያ ስለተሠሩት ባንጋሎዎች ነው። በሜሪላንድ የታኮማ ፓርክን ወይም የሲልቨር ስፕሪንግን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በእግሩ የዞረ ሰው ያውቃቸዋል፦ አንድ ፎቅ ተኩል፣ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ጣራ፣ ከጣራው ላይ ብቅ ያለች መስኮት፣ በጡብ እግር ላይ የቆሙና ወደ ላይ እየቀጠኑ የሚሄዱ የበረንዳ ምሰሶዎች።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ባንጋሎ የካሊፎርኒያ ፈጠራ ነው፤ በአካባቢያችን ያሉት በሙሉ ሲርስ ከተባለው የችርቻሮ ድርጅት ካታሎግ ታዘው የመጡ ናቸው፤ ዘር ሳይለይ ለሠራተኛው ሕዝብ በሩን የከፈተ ቤት ነበር፤ እንጨቱ ስስ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ቧንቧው ያረጀ ነው። ስለዚህ የገዛ ሰው መስኮቶቹን በቪኒል (በፕላስቲክ) ይቀይር፣ ግድግዳው ውስጥ ሴሉሎስ (ከወረቀት የሚሠራ የሙቀት መከላከያ) ያስነፋ፣ ምድር ቤቱን ውኃ በማያስገባ ቀለም ይቀባ፣ በረንዳውን ዘግቶ ክፍል ያድርገው፣ የሳሎኑን ኮርኒስ አንስቶ እስከ ጣራው ይክፈተው። ታሪኩ ቢሳሳት ሰው ተሳስቶ ይቀራል። ምክሩ ሲሳሳት ግን ግድግዳ ይበሰብሳል፣ ጣራ ይጎብጣል። ምላሽ ያስፈለገውም በዋናነት ለዚህ ነው።

ከትውልዱ እንጀምር። ስሙ የመጣው «ባንግላ» ከሚለው ቃል ነው፤ የቤንጋል ቤት ማለት ነው። እንግሊዞች ያንን ዝቅ ያለ፣ በረንዳ የከበበው ቤት ሕንድ ውስጥ አይተው የራሳቸው ማደሪያ አደረጉት፤ በ1870ዎቹ ደግሞ አገራቸው ወስደው የባሕር ዳርቻ ማረፊያ ሠሩበት። (እኛ «በረንዳ» የምንለው ቃልም እንግሊዝኛ የገባው በዚያው በሕንድ በኩል ነው።) አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም ከተሠሩት የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ቤት በ1879 በአርክቴክት ዊሊያም ጊበንስ ፕሬስተን የተነደፈው ሲሆን፣ የሚገኘውም በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ ነው። የካሊፎርኒያ ድርሻ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የፓሳዴናዎቹ ወንድማማቾች ቻርልስና ሄንሪ ግሪን የተዘረጋውን ታዛና ያልተሸፈነውን የጣራ ወራጅ ጥበብ አደረጉት። ጉስታቭ ስቲክሊ ከ1901 እስከ 1916 ያሳትመው የነበረው «ክራፍትስማን» መጽሔትም ንድፉን አገር አዳረሰው።

ቤቱ ትንሽ የሆነው ለድሃ ስለተሠራ ብቻ ነው መባሉም ግማሽ እውነት ነው። በዚያ ዘመን ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክና ማሞቂያ ወደ ተራ ቤት ሲገቡ የግንባታው ዋጋ ናረ፤ ለክፍሎች ስፋት ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ስለዚህ መተላለፊያው ቀረ፣ የእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ቀረ። ከበረንዳው በቀጥታ ሳሎን ይገባል፣ ከሳሎኑ ጀርባ ምግብ ቤት፣ ከዚያ ኩሽና፤ በሌላው ጎን ሁለት መኝታ ቤቶችና በመካከላቸው አንድ መታጠቢያ። አንድም ካሬ ጫማ ቦታ ያለ ሥራ አልተቀመጠም።

የሲርሱ ነገር የሪልተሮች (የቤት ደላሎች) ተወዳጅ ተረት ነው። ሲርስ ቤት በካታሎግ መሸጥ የጀመረው በ1908 ነው፤ እስከ 1940 ድረስ በመላው አሜሪካ የሸጠው በግምት ከ70,000 እስከ 75,000 ይደርሳል። ዋሽንግተን የሽያጭ ቢሮ ስለነበረው በአካባቢያችን ጥሩ ቁጥር አለ። «በሙሉ» ማለት ግን አያስኬድም። በዚሁ ንግድ የሚሺጋኑ አላዲን በ1906 ቀድሞ ገብቷል፤ የአይዋው ጎርደን ቫን ታይንና ሞንትጎመሪ ዋርድም ነበሩበት። ከዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ ባለቤቱ ወይም ሥራ ተቋራጩ ፕላኑን ብቻ ከንድፍ መጽሐፍ ገዝቶ፣ እንጨቱን ከሰፈር ጣውላ መሸጫ አምጥቶ፣ በአካባቢው አናጢ ያሠራቸው ቤቶች ሞልተዋል። ፕላን መግዛትና ቤቱን ተቆራርጦ በባቡር ማስመጣት አንድ አይደሉም።

እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ባትሪ ይዞ ምድር ቤት ይውረድ። የሲርስ እንጨት ከጫፉ ጥቂት ኢንች ገባ ብሎ አንድ የላቲን ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል፤ የወለል ተሸካሚዎቹን ጫፍ፣ የደረጃውን ሆድ፣ ከኮርኒስ በላይ ያሉትን ወራጆች ማየት ነው። በመስኮትና በበር ዙሪያ ያለው ጌጥ እንጨት ለጥገና ሲነሳ ጀርባው ላይ የማጓጓዣ ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ «925 ሆማን አቬኑ፣ ቺካጎ» ወይም «ኖርዉድ፣ ኦሃዮ» የሚል ከሆነ ፍንጩ ጠንካራ ነው። ሲርስ ከ1911 ጀምሮ ለቤት ገዢዎች ያበድር ስለነበር የካውንቲው የመሬት መዝገብም ይናገራል። በመጨረሻ የቤቱን የውጭ ስፋትና ርዝመት ለክቶ ከካታሎጉ ፕላን ጋር ማስተያየት ነው፤ የሁለት ጫማ ልዩነት ካለ ሌላ ቤት ነው። ማኅተም መታጣቱ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሲርስ እንጨቱን ቆርጦና ምልክት አድርጎ መላክ የጀመረው ዘግይቶ ነው።

ዘር ሳይለይ በሩን የከፈተ ቤት ነበር የሚለውን ግን እንዴት እንደጻፉት ገርሞናል። በተለይ ለእኛ አንባቢ! በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሲልቨር ስፕሪንግ የተሸነሸኑ ብዙ ሰፈሮች የይዞታ ሰነድ ላይ፣ ንብረቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ ጥቁርም እንዳይኖርበት የሚከለክል አንቀጽ ነበረ። የተፈቀደላቸው የቤት ሠራተኞች ብቻ ነበሩ፤ ለዚያውም ከአሠሪያቸው ጋር የሚኖሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ያለው በ1948 ነው፤ የዘር መድልዎው በፌዴራል የቤቶች ሕግ የተከለከለው በ1968። ዛሬ ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ሰፈር የቤቱን የድሮ ሰነድ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ የመሬት መዝገብ ያስወጣ ሰው አንቀጹን ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል። ሕጋዊ ኃይል የለውም። ታሪክነቱ ግን አልተፋቀም።

ወደ እንጨቱ እንምጣ። «ሁለት በአራት» የሚባለው እንጨት ከ1924ቱ የአገሪቱ መለኪያ ወዲህ ተልጎ ሲወጣ 1 5/8 በ3 5/8 ኢንች ነበር። ዛሬ ከመደብር የሚገዛው 1 1/2 በ3 1/2 ነው። ስስ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን። ያኛው ከዚህ በላይ ቀስ ብሎ ካደገ ጥድ የተቆረጠ ነው፤ ጫፉን ያየ ሰው የዓመት ቀለበቶቹን ጥቅጥቅ ብለው ያገኛቸዋል፤ ጠጋኝ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ሳይበሳ ብሎን ሊያስገባበት ቢሞክር ብሎኑ ይቆረጣል። የግድግዳውን አሠራር ደግሞ የጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይቸገርም፦ ቋሚ አለ፣ ማገር አለ፣ ምርጊት አለ። ቋሚዎቹ በ16 ኢንች ርቀት ይቆማሉ፤ ማገሩ 1 1/2 ኢንች ስፋት ያለው ስስ ጣውላ ነው፤ የኖራ ወይም የጂፕሰም ልስኑ በማገሮቹ ክፍተት ገብቶ ከጀርባ ታጥፎ ይይዛል። ልስኑ ሲነኩት የሚነቃነቅ ከሆነ የተሰበረው ያ ጀርባ ያለው ታጣፊ ነው፤ በሰፊ ዋሸርና በብሎን ወደ ማገሩ ይሳባል እንጂ ግድግዳው ሁሉ አይፈርስም።

ቤቱን በእርግጥ ያደከመው በኋላ የመጡት የቧንቧ ሠራተኞች መጋዝ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ሥር ያሉትን የወለል ተሸካሚዎች ማየት ያስፈልጋል። ከተሸካሚው ርዝመት መካከለኛው ሢሶ ላይ ከላይም ከታችም ሊሸረፍ አይገባም፤ በቀረው ክፍል የሚሸረፈውም ከቁመቱ ከአንድ ስድስተኛ አይበልጥም፤ ቀዳዳ ከሆነ ከቁመቱ ሢሶ ሳያልፍ ከሁለቱም ጠርዝ 2 ኢንች ይርቃል። ከዚህ በላይ የተቆረጠ ተሸካሚ ካለ ጎኑ ላይ ሌላ እንጨት በቡሎን ይታሰርለታል።

የሳሎኑን ኮርኒስ አንሱ የሚለው ምክር የጽሑፉ አደገኛው መስመር ነው። በእነዚህ ቤቶች የጣራው ጫፍ ላይ ያለው ጣውላ ወራጆቹ የሚገናኙበት ብቻ ነው፤ ክብደት አይሸከምም። ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ እንዳይገፉት ከግራ ቀኝ የሚያስሩት የኮርኒሱ ተሸካሚዎች ናቸው። ማሰሪያው ሲቆረጥ ጣራው መሃሉ ይጎብጣል፣ ግድግዳው ከላይ ይከፈታል፤ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ በሮች አልዘጋ ይላሉ፣ ልስኑ በማዕዘኑ ይሰነጠቃል። መክፈት ከተፈለገ መሐንዲስ ያሰላው እውነተኛ የጫፍ ተሸካሚ፣ ከሥሩም እስከ መሠረት የሚወርድ ቋሚ ያስፈልጋል። ጣራ ሥር ያለውን ቦታ መኝታ ቤት ማድረግም እንዲሁ ስሌት ይጠይቃል፦ ዕቃ ለማይቀመጥበት ጣራ ሥር በካሬ ጫማ 10 ፓውንድ፣ ጥቂት ዕቃ ለሚቀመጥበት 20፣ ለመኝታ ግን 30 ፓውንድ ነው የሚታሰበው።

አሁን ወደ ሴሉሎሱ። ጽሑፉ መጀመሪያ ይሠራ ያለው መጨረሻ መሠራት ያለበት ነው። የብዙዎቹ ቤቶች ቋሚ ከመሠረቱ እንጨት ተነስቶ እስከ ጣራው ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ በቋሚዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከታች ለምድር ቤቱ፣ ከላይ ለጣራ ሥሩ ክፍት ነው። አፉን ሳይዘጉ ሲነፉ ሴሉሎሱ ምድር ቤት ይዘረገፋል፤ ለእሳትም ያው ክፍተት ጭስ ማውጫ ነው። ከዚያ የከፋው በሸክላ ማቀፊያ ላይ የሚሄደው የድሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ሙቀቱን የሚያስወግደው ዙሪያው ባለው አየር ነው፤ ሴሉሎስ ሲቀበርበት ይግላል፣ የሽቦው ልባስ ይሰባበራል። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ደንብ የሚከለክለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ጣጣ እርጥበት ነው፤ ከሳይዲንጉ (ከግድግዳው የውጭ ልባስ) ጀርባ ብዙ ጊዜ ውኃ የሚመልስ ወረቀት የለም ወይም ተበጣጥሷል፣ ግድግዳውን ሲያደርቀው የኖረው የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ሲዘጋ ምልክቱ በውጭ ይታያል፦ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙ እየተላቀቀ ይረግፋል። ባለቤቱ ቀለም ቀቢውን ይወቅሳል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከላይ ይጀምራል። ጣራ ሥር ወጥቶ በጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ በቧንቧ ቀዳዳዎችና በቋሚዎቹ አናት ያለውን ክፍተት መድፈን፤ የጭስ ማውጫው ዙሪያ በአረፋ ሳይሆን በቆርቆሮና እሳት በሚችል ማሸጊያ ይደፈናል። ከዚያ በአካባቢያችን አየር ንብረት ጣራ ሥሩን በሙቀት መከላከያ እስከ አር-49 ወይም አር-60 («አር» ሙቀትን የመከላከል አቅም መለኪያ ነው) መሙላት፤ በታዛው በኩል አየር የሚገባበትን መንገድ ሳይደፍኑ። ቀጥሎ ምድር ቤት ወርዶ የወለል ተሸካሚዎቹ መሠረቱ ላይ የሚያርፉበትን ዙሪያ ማሸግ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ ሽቦው ተቀይሮ፣ ሳይዲንጉ ውኃ እንደማያስገባ ከታየ በኋላ ስለ ግድግዳው ይታሰባል። አብዛኛው ባለቤት እዚያ ሳይደርስ የማሞቂያ ወጪው ወርዶለት ይተወዋል።

ስለ መስኮት ጸሐፊው ያልነገሩን ነገር አለ። የቪኒሉ ማስገቢያ የራሱ ፍሬም ስላለው በነባሩ ፍሬም ውስጥ ሲገባ መስታወቱ በየጎኑ ይጠባል፤ በረንዳና ሰፊ ታዛ ላለው ቤት ብርሃን ውድ ነው። የድርብ መስታወቱ ማሸጊያ የለቀቀ ዕለት ደግሞ መሃሉ ጉም ይገባል፤ ያን ጊዜ መጠገን ሳይሆን መቀየር ነው። የድሮው መስኮት ግን እያንዳንዱ ክፍሉ ይፈታል። ተንሸራታቹን መስኮት የሚያነሳው በፍሬሙ ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ክብደት ነው፤ አልነሳ ካለ ብዙ ጊዜ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ቀለም አጣብቆታል። በፍሬሙና በመስኮቱ መካከል ያለው ቀለም በስለት ይቆረጣል፣ የውስጠኛው መያዣ ቀጭን እንጨት ይነቀላል፣ የታችኛው መስኮት ይወጣል። ፍሬሙ ጎን ላይ በአንድ ብሎን የተያዘች ትንሽ ክዳን አለች፤ ክብደቱ የሚገኘው ከእሷ ጀርባ ነው። አዲስ የጥጥ ገመድ በመዘውሩ ላይ ይሳባል። የላይኛው መስኮት ሁለት ክብደቶች አንድ ላይ ከመስኮቱ ግማሽ ፓውንድ ያህል ቢከብዱ፣ የታችኛው ግማሽ ፓውንድ ያህል ቢቀሉ ሁለቱም በቦታቸው ይረጋሉ። የደረቀው የመስታወት ስቱኮ ተነስቶ እንጨቱ ዘይት ወይም ፕራይመር ካገኘ በኋላ አዲሱ ይገባል፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ 1/16 ኢንች መውጣት አለበት፣ አለዚያ ውኃ በስቱኮውና በመስታወቱ መካከል ይሰርጋል። ከውጭ የአውሎ መስኮት (በነባሩ ላይ የሚደረብ ሁለተኛ መስኮት) ሲጨመር ሙቀት የሚያልፍበት መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይህን ጽሑፉም አላነሳውም። ከ1940 በፊት ከተሠሩ ቤቶች 87 በመቶው የእርሳስ ቀለም እንዳለባቸው የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይናገራል፤ በመስኮት ላይ ደግሞ በየቀኑ ይፋተጋል። በደረቅ መፋቅ፣ በማሽን መሞረድ፣ በእሳት ማቃጠል አይሆንም። እያረጠቡ መፋቅ፣ ወለሉን በፕላስቲክ መሸፈን፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ የሄፓ ማጣሪያ ባለው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ማንሳት ነው፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ከቤቱ ይውጡ። ለክፍያ የሚሠራ ኮንትራክተር ከ2010 ጀምሮ የእርሳስ ጥንቃቄ ፈቃድ ሊኖረው ግዴታ ነው።

ምድር ቤቱን ስለመቀባት ብዙ አንልም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይባላል፤ ቀለሙ አንድ ክረምት ያሳሳቃል። ውኃው ከውጭ እየገፋ ስለሚመጣ ከውስጥ የተቀባውን እያሳበጠ ይጥለዋል፣ ጨው የመሰለው ነጭ ዱቄትም ከሥሩ ይወጣል። ውኃው ከየት መጣ? 1,000 ካሬ ጫማ ጣራ ላይ አንድ ኢንች ዝናብ ሲዘንብ 623 ጋሎን ይወርዳል። አሸንዳው ከተደፈነ ያ ሁሉ መሠረቱ ሥር ነው የሚያርፈው። አሸንዳ ማጽዳት፣ የመውረጃውን ጫፍ ከግድግዳው 6 ጫማ ማራቅ፣ አፈሩን በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች እንዲያዘቀዝቅ መደልደል፤ አብዛኛው እርጥበት እዚህ ያበቃል። ይህ ተሠርቶ አሁንም ከወለሉ ሥር የሚፈልቅ ከሆነ የውስጥ ቦይና ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ያ ግን ሌላ ወጪ ነው።

በረንዳውን መዝጋት የሚሉት ሰዎች በረንዳው ምን እንደሚሠራ አላዩትም። በዋሽንግተን ሰማይ 2 ጫማ የወጣ ታዛ በሰኔ እኩለ ቀን የደቡብ ግድግዳውን ወደ 7 ጫማ ያህል ወደ ታች ያጠላዋል፤ በታኅሣሥ ጥላው አንድ ጫማ ብቻ ነው፣ ፀሐይ ቤት ትገባለች። ይህንን አናጢዎቹ ያለ ማቀዝቀዣ ዘመን ያውቁት ነበር። በረንዳ ሲዘጋ ሳሎኑ ይጨልማል። መሠረቱም ለክፍል የተሠራ አይደለም፤ የጡብ እግሮቹ ከዋናው ቤት መሠረት ብዙ ጊዜ ስለማይጠልቁ ለብቻቸው ይሰምጣሉ፣ አዲሱ ክፍል ከቤቱ የሚገናኝበት መስመር ይሰነጠቃል። ወለሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ጫማ 1/4 ኢንች ወደ ውጭ ያዘቀዘቀው ውኃ እንዲወርድ ነው፤ ጣውላዎቹም ከቤቱ ወደ ውጭ የተዘረጉት ለዚሁ ነው። ምንጣፍ ማንጠፍ ያንን ሁሉ ያበላሻል። ምሰሶዎቹ ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ባዶ ሳጥን ነው፤ ከታች በኩል አየር ካላገኙ ከእግራቸው ይበሰብሳሉ፣ በጠመዝማዣ ጫፍ ወጋ አድርጎ ማየት ይበቃል። በታኮማ ፓርክ ታሪካዊ ክልል ውስጥ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ የውጭ ገጽታን ለመቀየር ከካውንቲው የታሪካዊ ቅርስ ኮሚሽን ፈቃድ ይጠየቃል። የሚያድስ ሰው ግን ፈቃድ አግኝቶ ለውጭ ጥገና ካወጣው 25 በመቶውን ከካውንቲው የንብረት ግብር ላይ ያስቀንሳል፤ ጽሑፉ ይህን ማለፉ ያሳዝናል።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን፦ ሽቦውና ቧንቧው አርጅተዋል። ከመግዛት በፊት የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ባለ ፊውዝና 60 አምፒር ከሆነ የኢንሹራንስ ድርጅቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ቤት አይቀበሉም ወይም በጊዜ ገደብ እንዲቀየር ያዛሉ። ለቧንቧው ማግኔት ይዞ መሄድ ነው። ምድር ቤት ያለው ቧንቧ ማግኔት ከያዘ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ነው፤ ውስጡ በዝገት እየጠበበ ይሄዳል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሻወሩን ከፍቶ ሽንት ቤቱን መልቀቅ፤ ሻወሩ ከተንጠባጠበ ቧንቧውን የመቀየሪያ ወጪ ከዋጋው ላይ ይነሳ።